ያልተጻፈው ቁጥር፦ በኃይልና በግራውንድ ንጣፎች መካከል ያለው ክፍተትና ኤሌክትሮማግኔቲክ ረብሻ

አጽሕሮተ ጥናት

በባለ ብዙ ሌየር ሰርኪዩት ቦርድ ውስጥ የኃይልና የግራውንድ ንጣፎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ብዙ ጊዜ የሚወስነው የፋብሪካው ልማድ እንጂ ንድፍ አውጪው አይደለም። ይህ መጣጥፍ የተለመደውን 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ባለ አራት ሌየር ቦርድ ይዞ፣ ክፍተቱ ከቦርዱ የሚወጣውን ረብሻ እንዴት እንደሚገዛ በቀላል ስሌት ይመረምራል። በዚህ ዓይነቱ ቦርድ ላይ የንጣፎቹ ጥንድ እንደ ካፓሲተር ከስሙ በላይ ዋጋ የለውም ብሎ ይከራከራል፤ ስለዚህም ቀጭኑ ክፍተት ለሲግናል መስመሮች እንዲሰጥ፣ የኃይል ንጣፉም ከቦታው እንዲነሣ ይመክራል።

ስክሪን ላይ የማይታየው ውፍረት

ባለ አራት ሌየር ቦርድ በኮምፒውተር ሲነደፍ ሌየሮቹ በአራት ቀለማት ተለይተው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው ይታያሉ። በመካከላቸው ርቀት መኖሩን የሚናገር ነገር ስክሪኑ ላይ ስለሌለ ዓይን እኩል እንደተራራቁ አድርጎ ይቀበላቸዋል። ቦርዱ ተሠርቶ ከመጣ በኋላ ጠርዙን በማጉያ መነጽር ያየ ሰው የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። ሁለት የመዳብ መስመሮች ከላይ ተጠጋግተዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ከታች ተጠጋግተዋል፤ መሃል ላይ ሰፊ ሜዳ አለ።

ሜዳው ኮር ይባላል። በኢፖክሲ ሙጫ ተነክሮ የደረቀ፣ ሁለት ፊቱ በመዳብ የተለበጠ የመስታወት ጨርቅ ሰሌዳ ነው። በላይና በታቹ ፕሪፕሬግ የሚባል ሙጫው ገና ያልጠነከረ ቀጭን ጨርቅ ይደረብና ከውጭኞቹ የመዳብ ቅጠሎች ጋር በሙቀትና በግፊት ይጣበቃል። ፕሪፕሬጉ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቦርዱ 1.6 እንዲሞላ የጎደለውን የሚሞላው ኮሩ ነው፤ ስለዚህ ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ለስሌት እንዲመች እዚህ 1.2ን እይዛለሁ። (1.6 ራሱ የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ከጥንት ቦርዶች የተወረሰ ልማድ እንጂ ከፊዚክስ የመጣ ቁጥር አይደለም።)

የተለመደው አደራደር ሲግናል፣ ግራውንድ፣ ኃይል፣ ሲግናል ነው። በዚህ አደራደር ግራውንድና ኃይል በኮሩ ሁለት ፊቶች ላይ ይውላሉ፤ እርስ በርስ መቀራረብ የነበረባቸው ሁለት ንጣፎች ከሁሉ የሰፋው ክፍተት ይደርሳቸዋል ማለት ነው። ይህን የወሰነ ሰው የለም። በእጄ ባለፉ የማምረቻ ሥዕሎች ላይ ደጋግሜ ያየሁት አጠቃላይ ውፍረቱ ተጽፎ የሌየር ለሌየር ርቀቱ ባዶ መተዉን ነው፤ የእኔም የመጀመሪያ ሥዕሎች ከዚህ አያመልጡም። ባዶ የተተወውን ፋብሪካው በመጋዘኑ ባለው ይሞላዋል።

ጎተራና ሞሰብ

ሁለት የመዳብ ንጣፎች በመካከላቸው ሽፋን ይዘው ሲተያዩ ካፓሲተር ይሆናሉ። ካፓሲታንሱ ከስፋታቸው ጋር ይጨምራል፤ በመካከላቸው ካለው ርቀት ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። ኤፍ አር 4 የሚባለው የተለመደው የቦርድ ቁስ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ 4.3 ገደማ ነው። ጎኑ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦርድ ንጣፎቹ በ0.1 ሚሊ ሜትር ከተቀራረቡ 3.8 ናኖ ፋራድ ይይዛል። በ1.2 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ የሚይዘው 0.32 ናኖ ፋራድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። በሳንቲም የሚገዛ ትንሽ ሴራሚክ ካፓሲተር 100 ናኖ ፋራድ ይይዛል፤ ታዲያ ለሦስት ናኖ ፋራድ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን? ለድንገተኛ እንግዳ የሚደርሰው ሞሰብ ላይ ያለው እንጀራ እንጂ ጎተራ ውስጥ ያለው ጤፍ አይደለም። ካፓሲተሩ በእግሮቹ፣ በቪያዎቹ (ሌየርን ከሌየር በሚያገናኙት በመዳብ የተለበጡ ቀዳዳዎች) እና በመጋጠሚያ መዳቡ ተደምሮ ወደ 1 ናኖ ሄንሪ የሚጠጋ ኢንዳክታንስ ይሸከማል። 100 ናኖ ፋራድና 1 ናኖ ሄንሪ የሚገናኙበት ፍሪኩዌንሲ 16 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያ ዕቃ በስሙ ካፓሲተር፣ በሥራው ኢንዳክተር ነው፤ 500 ሜጋ ኸርዝ ላይ ከ3 ኦም በላይ ተቃውሞ ያሳያል። ንጣፎቹ ግን እግር የላቸውም። በ100 ሜጋ ኸርዝ በ0.1 ሚሊ ሜትር የተቀራረቡት 0.4 ኦም ገደማ ሲያሳዩ፣ በ1.2 ሚሊ ሜትር የተራራቁት 5 ኦም ያሳያሉ።

ጊዜውንም ማሰብ ያስፈልጋል። በኤፍ አር 4 ውስጥ ሞገድ በአንድ ናኖ ሴኮንድ 14.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። አንድ ቺፕ በግማሽ ናኖ ሴኮንድ ውስጥ ሁኔታውን ሲቀይር ጥሪው ደርሶ ምላሹ እስኪመለስ ድረስ ሊረዳው የሚችለው በ3.6 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ቻርጅ ብቻ ነው። ከዚያ የራቀው ካፓሲተር የቱንም ያህል ቢተልቅ የሚደርሰው ጉዳዩ ካለፈ በኋላ ነው።

ከካፓሲታንሱ ጋር ኢንዳክታንሱም ይመጣል። ኮረንቲ በአንዱ ንጣፍ ሄዶ በሌላው ሲመለስ በመካከላቸው የሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ ክፍተቱን ይሞላል። ካሬ ቅርጽ ባለው በማንኛውም ቁራጭ ላይ ይህ ኢንዳክታንስ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ክፍተት 1.26 ናኖ ሄንሪ ነው፤ የካሬው መጠን ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ 1.2 ሚሊ ሜትር 1.5 ናኖ ሄንሪ፣ 0.1 ሚሊ ሜትር 0.126 ናኖ ሄንሪ ይሰጣል። እውነተኛ ኮረንቲ ከአንዲት ቪያ ተነሥቶ ስለሚበተን ትክክለኛው ቁጥር እንደ ሁኔታው ይለያያል፤ ነገር ግን ከክፍተቱ ጋር በቀጥታ መጨመር መቀነሱ አይቀርም። ክፍተቱ ሲጠብ ካፓሲታንሱ ያድጋል፤ ኢንዳክታንሱም ይወርዳል። በኤሌክትሮኒክስ ውስጥ በአንድ እርምጃ ሁለቱም ወደሚፈለገው አቅጣጫ የሚሄዱበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ይኸው ነው።

የከበሮው ድምፅ

ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ንጣፎቹ ካፓሲተር መሆናቸው ይቀርና ክፍል ይሆናሉ። ሞገዱ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ እየተላተመ፣ የቦርዱ ርዝመት የሞገዱ ግማሽ በሚሆንበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ራሱን ያጠናክራል። ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ነው። ለ10 ሳንቲ ሜትር ቦርድ የመጀመሪያው ሬዞናንስ በ720 ሜጋ ኸርዝ፣ ለ20 ሳንቲ ሜትር ቦርድ በ360 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ይውላል። ካፓሲተሮችና ቺፖች ሲጨመሩበት ወዲያና ወዲህ ይላል፤ መሠረቱ ግን የቦርዱ ርዝመትና የቁሱ ጠባይ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ክፍተቱን ማጥበብ ሬዞናንሱን ከቦታው የሚያነሣው ይመስላቸዋል። አያነሣውም። ከበሮ ላይ ጋቢ ቢጥሉበት ቅኝቱ እዚያው ነው፤ የሚታፈነው ጉልበቱ ነው። ጠባቡ ክፍተት የሚያደርገውም እንዲሁ ነው።

የማፈኑ ኃይል ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ሽፋኑ ራሱ ነው። ተራ ኤፍ አር 4 ከሚያልፍበት ጉልበት ጥቂቱን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ የብክነት ቁጥሩ 0.02 ገደማ ስለሆነ ሬዞናንሱ ከ50 በላይ የሆነ ኪው ቁጥር እንዳይኖረው ይገድባል። ኪው የሬዞናንስ ስለት መለኪያ ነው፤ ሲተልቅ ጩኸቱ ይሰላል። ሁለተኛው መዳቡ ነው። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ኮረንቲ የሚጓዘው በመዳቡ ቆዳ ላይ ብቻ ሲሆን፣ በ720 ሜጋ ኸርዝ የዚያ ቆዳ ውፍረት 2.5 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። ከመዳብ ብክነት ብቻ የሚመጣው ኪው በግምት ክፍተቱ ለዚህ ቆዳ ውፍረት ሲካፈል የሚገኘው ነው፦ ለ1.2 ሚሊ ሜትር 490 አካባቢ፣ ለ0.1 ሚሊ ሜትር 40 አካባቢ። ሁለቱን ብክነቶች ስናጣምር ሰፊው ክፍተት 45፣ ጠባቡ 22 ገደማ ይሆናል። ክፍተቱን እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ብናወርደው ኪው ከ4 በታች ይወርዳል፤ ያ ሬዞናንስ አለ ለማለት የሚያስቸግር ነው።

በሬዞናንሱ ጫፍ ላይ የሚታየው ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ኮረንቲ ያለው ተቃውሞ፣ ከክፍተቱና ከኪው ብዜት ጋር አብሮ ይሄዳል። ከ1.2 ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ስንወርድ ክፍተቱ 12 ጊዜ፣ ኪው ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ይቀንሳል። በተመሳሳይ ኮረንቲ በንጣፎቹ መካከል የሚነሣው ቮልቴጅ እንግዲህ 24 ጊዜ ያነሰ ነው፤ በዴሲቤል ወደ 28። ይህ ምንም ዕቃ ላልተጫነበት ባዶ ቦርድ የተደረገ ግምት መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። ግማሹ እንኳ በተግባር ቢገኝ ግን በመለኪያ ክፍል ውስጥ በማለፍና በመውደቅ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አምስት ማይክሮ አምፔር

ለምን ማለፍና መውደቅ እንደተባለ ጥቂት ላብራራ። በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ዜና ለመስማት የሞከረና ከጎኑ ርካሽ ቻርጀር የሰካ ሰው ረብሻ ምን እንደሆነ ማስረጃ አያስፈልገውም። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ረብሻ ኮሚቴ፣ ሲስፕር፣ የተቋቋመው በ1934 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጀመሪያ ጭንቀቱም ይኸው የሬዲዮ አድማጭ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1979 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር መሣሪያዎች ደንብ ሲያወጣም የቤት ኮምፒውተሮች የጎረቤትን ቴሌቪዥን መረበሽ ጀምረው ነበር። በዚያ ደንብ መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ መሣሪያ በ3 ሜትር ርቀት ሲለካ ከ30 እስከ 88 ሜጋ ኸርዝ ባለው መደብ በሜትር 100 ማይክሮ ቮልት፣ ከ216 እስከ 960 ባለው ደግሞ 200 ማይክሮ ቮልት ማለፍ የለበትም።

ቁጥሮቹ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆኑ ለማየት አንድ ሜትር ገመድ በቂ ነው። በገመዱ ሽቦዎች ሁሉ ላይ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ፣ ኮመን ሞድ የሚባለው ኮረንቲ በ50 ሜጋ ኸርዝ 5 ማይክሮ አምፔር ከደረሰ መሣሪያው ወሰኑን ይሻገራል። አንድ ትንሽ የመብራት ዳዮድ የሚፈልገው ኮረንቲ ከዚህ በሺህ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ የቦርዱ ጠርዝ በቀጥታ የሚያወጣው ጨረር ትልቁ ተጠያቂ የሚሆነው ሁልጊዜ አይደለም። ጠርዙ በእርግጥ ያወጣል፤ በንጣፎቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ በጠርዙ ክፍተት በኩል እንደ ቀጭን አንቴና ይተነፍሳል፤ በተለይ ከጥቂት መቶ ሜጋ ኸርዝ በላይ። ነገር ግን ያው ቮልቴጅ ወደ ማገናኛው ደርሶ ገመዱን ሲነዳው ጉዳቱ ይብሳል፤ ገመዱ ከቦርዱ የረዘመ አንቴና ነውና። ሁለቱም የሚመገቡት ከአንድ ምንጭ ነው። ምንጩ ደግሞ ኮረንቲ በኢምፒዳንስ ሲባዛ የሚገኘው ቮልቴጅ ነው፤ ኢምፒዳንሱን የሚወስነውም ክፍተቱ ነው።

ኮረንቲው ወደ ንጣፎቹ መካከል እንዴት ገባ ለሚለው ቺፑ ብቻውን ተወቃሽ አይደለም። አንድ የሲግናል መስመር ከላይኛው ሌየር በቪያ ወርዶ በታችኛው ሲቀጥል፣ ከሥሩ በግራውንድ ንጣፍ ላይ ይከተለው የነበረው ተመላሽ ኮረንቲ ወደ ኃይሉ ንጣፍ መሻገር አለበት። ድልድይ ካልተሠራለት በክፍተቱ ውስጥ ዘልቆ ይሻገራል፤ ሲሻገርም ክፍሉን እንደ ደወል ይመታዋል። ከሰዓት ምልክት መስመር ላይ አንዲት ቪያ በዚህ መንገድ ያመጣችውን ጣጣ ያየ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ቪያ ሲጨምር እጁ ይሳሳል።

ሃያ ኤች የሚባለው ሕግ

በዚህ ዘርፍ ከሁሉ በላይ የተጠቀሰውና በእኔ አስተያየት ከሁሉ በላይ ጊዜ ያባከነው ሕግ ሃያ ኤች ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ደብልዩ ማይክል ኪንግ እንደሆነ ይነገራል፤ በመጻሕፍቱ ያሰራጨው ማርክ ሞንትሮዝ ነው። የኃይሉ ንጣፍ ጠርዝ ከግራውንዱ ጠርዝ በክፍተቱ፣ ማለትም በኤች፣ ሃያ እጥፍ ወደ ውስጥ እንዲገባ ያዛል፤ በጠርዙ የሚያፈተልከው መስክ እንዲቀንስ።

እስኪ በእኛው ቦርድ እንሞክረው። ክፍተቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሃያ እጥፉ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ከአራቱም ጎን 24 ሚሊ ሜትር ሲቆረጥ 100 በ100 የነበረው ንጣፍ 52 በ52 ይሆናል። ከስፋቱ የቀረው 27 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀድሞ በቂ ያልነበረው ካፓሲታንስም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ በጠርዝ አካባቢ ያሉ ቺፖችም ኃይል የሚያገኙበት ንጣፍ ያጣሉ። ክፍተቱ 0.1 ከሆነ መቆረጥ ያለበት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቀላል ነው፤ ግን በዚያ ክፍተት የጠርዙ ቮልቴጅ ከመነሻው ደካማ ነው። ሕጉ ሲያስፈልግ የማይቻል፣ ሲቻል የማያስፈልግ ሆነ ማለት ነው። በኋላ የተደረጉ ልኬቶችና ሞዴሎችም ጥቅሙ አነስተኛ መሆኑን፣ በአንዳንድ ሁኔታ ጨረሩን ጭራሽ ሊጨምር እንደሚችል አሳይተዋል። አሁንም ግን በየድርጅቱ የማረጋገጫ ቅጽ ላይ ምልክት ይደረግበታል።

ሁለት ወገን፣ ሁለት ቦርድ

ሌላው የማያልቅ ክርክር የካፓሲተር አቀማመጥ ነው። አንዱ ወገን ካፓሲተሩ ከቺፑ እግር ሥር ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም ይላል። ሌላው የትም ቢቀመጥ ለውጥ የለውም ይላል። ሁለቱም የልኬት ማስረጃ ያቀርባሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ጉዳዩን የፈታው በያኔው ሚዙሪ ሮላ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ሥራ ነው። ቶድ ሂዩቢንግ፣ ጄምስ ድሩውኒያክ፣ ቶማስ ቫን ዶረንና ዴቪድ ሆካንሰን በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትና እሱን የተከተሉት ሥራዎች ልዩነቱ የሚመነጨው ከንጣፎቹ ርቀት እንደሆነ አሳዩ። ንጣፎቹ ሲቀራረቡ፣ ለምሳሌ ከሩብ ሚሊ ሜትር በታች ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ኢንዳክታንስ ካፓሲተሩ ከነመጋጠሚያው ከሚሸከመው በጣም ያንሳል። ስለዚህ ካፓሲተሩ በአምስት ሳንቲ ሜትር መቅረቡ ወይም መራቁ ከራሱ ኢንዳክታንስ አንጻር ከቁጥር አይገባም፤ ሁሉም ለሁሉም ያገለግላሉ። ንጣፎቹ ሲራራቁ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ በመካከል ያለው መንገድ ራሱ ረጅም ይሆናል። ያኔ ካፓሲተሩ ከቺፑ እግር አጠገብ መሆን አለበት፤ የቪያዎቻቸው መግነጢሳዊ መስክ እርስ በርስ እንዲጣመር ከአንድ ንጣፍ ጋር የሚገናኙት እግሮቻቸው ጎን ለጎን ቢውሉ ይመረጣል።

ተከራካሪዎቹ እንግዲህ ስለተለያየ ቦርድ ያወሩ ነበር። አንዱ ባለ አሥር ሌየር የኮምፒውተር ሰርቨር፣ ሌላው ባለ አራት ሌየር የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ይሠራ ይሆናል። ከቺፕ አምራቾች መመሪያ ላይ የአቀማመጥ ምክር የሚቀዳ ንድፍ አውጪ ምክሩ ለየትኛው ክፍተት እንደተጻፈ ካልጠየቀ የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ እንደሚሄድ ሰው ነው።

የቀጭን ሽፋን ዋጋ

ክፍተቱን እስከ ጥጉ የማጥበብ ሙከራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዛይኮን በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። 50 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው ኤፍ አር 4 በሁለት ንጣፎች መካከል ተቀብሮ ለ10 በ10 ሳንቲ ሜትር 7.6 ናኖ ፋራድ ይሰጣል። በኋላ ስሪኤም የተባለው ኩባንያ ባሪየም ታይታኔት የተቀላቀለበት፣ 14 ማይክሮ ሜትር ገደማ የሆነ ሽፋን አመጣ፤ የዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ 16 አካባቢ ስለሆነ ያው ስፋት ወደ 100 ናኖ ፋራድ ይደርሳል፤ እግርና ቪያ የሌለው የአንድ ሙሉ ሴራሚክ ካፓሲተር ያህል። ቀደም ሲል ስለ ኪው የተባለውም እዚህ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ ሬዞናንሱ ይሞታል።

ዋጋው ግን የዋዛ አይደለም። ቁሱ ውድ ነው፤ የሚሠራበት ፋብሪካም ጥቂት ነው። በዚያ ቅጥነት አንዲት የብናኝ ቅንጣት ሁለቱን ንጣፎች ልታገናኝ ስለምትችል እያንዳንዱ ሰሌዳ በከፍተኛ ቮልቴጅ መፈተሽ ይኖርበታል። ለቴሌኮም ስዊች ወይም ለሰርቨር ያዋጣል። ለውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ማንም አያስበው።

ገደቡን ስለማወቅ

እስካሁን የተባለው ንጣፎችን ሁሉን ቻይ አስመስሎ ከሆነ ላስተካክል። በ1999 እ.ኤ.አ. ላሪ ስሚዝና ባልደረቦቹ ከሰን ማይክሮሲስተምስ ባሳተሙት ጽሑፍ የታወቀው ዒላማ ኢምፒዳንስ የሚባለው አሠራር አለ። 1 ቮልት የሚፈልግ፣ 5 በመቶ መዋዠቅ የሚታገሥ፣ ኮረንቲው በድንገት በ10 አምፔር የሚቀየር ቺፕ 5 ሚሊ ኦም ኢምፒዳንስ ይጠይቃል። በጥቂት መቶ ሜጋ ኸርዝ ይህን ከቦርዱ ማግኘት አይቻልም፤ የቺፑ ማሸጊያ ኢንዳክታንስ ራሱ ቺፑን ከቦርዱ ይነጥለዋል። ከዚያ በላይ ቺፑ የሚኖረው በማሸጊያውና በሲሊከኑ ውስጥ ባለው ካፓሲታንስ ነው። እንግዲህ ለኃይል አቅርቦት ብቻ ካሰብን የንጣፎቹ ድርሻ ከአሥራዎቹ እስከ ጥቂት መቶ ሜጋ ኸርዝ ባለው መስኮት የተወሰነ ነው።

ረብሻ ግን በዚያ መስኮት አይወሰንም። በቪያ የገባው ተመላሽ ኮረንቲ ማሸጊያውን ሳይጠይቅ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ በጊጋ ኸርዝም ቢሆን። የኃይል አቅርቦት ባለሙያውና የረብሻ ባለሙያው ስለ አንድ ጥንድ ንጣፍ ሲነጋገሩ የማይግባቡት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ባለ አራት ሌየሩን ምን እናድርገው?

ወደ ተራው ቦርድ እንመለስ፤ በብዛት የሚሠራው እሱ ነውና። ኮሩን 0.1 ሚሊ ሜትር አድርገን ፕሪፕሬጉን ብናወፍርስ? ቦርዱ እንዳይጣመም ላይና ታቹ እኩል መሆን ስላለባቸው እያንዳንዱ የውጭ ክፍተት ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ንጣፎቹ ይጠግባሉ፤ ሲግናሎቹ ይራባሉ። የተመላሽ ኮረንቲው 80 በመቶ የሚፈሰው ከመስመሩ መሃል በግራና በቀኝ የከፍታውን ሦስት እጥፍ በሚያክል ስፋት ውስጥ ነው። በ0.2 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይህ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ0.7 ከፍታ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። መስመሮች እርስ በርስ መጣላት ይጀምራሉ፤ 50 ኦም መስመርም ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ወፍራም ይሆናል። ለቺፖች ጥግግት ቦታ አይኖርም።

በባለ አራት ሌየር ቦርድ እንግዲህ ቀጭኑ ክፍተት ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ፍርዴ ለሲግናሉ ይሰጥ የሚል ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ አንድ እርምጃ መቀጠል ይገባል፤ በ1.2 ሚሊ ሜትር ማዶ ያለው የኃይል ንጣፍ ካፓሲተር ካልሆነ እዚያ ለምን ይቀመጣል? ሁለቱም የውስጥ ሌየሮች ግራውንድ ይሁኑ። ኃይል በውጭ ሌየሮች ላይ በሰፋፊ የመዳብ ሜዳዎች ይሂድ፤ ከሥሩ ያለው ግራውንድ በ0.2 ሚሊ ሜትር ቅርብ ስለሆነ ያ ሜዳ ራሱ በእኩል ስፋት ሲነጻጸር ከቀድሞው ሙሉ ንጣፍ ስድስት እጥፍ ካፓሲታንስ ይይዛል። ሲግናል በቪያ ሲወርድ ከጎኑ የግራውንድ ቪያ ይተከል፤ ተመላሹ ኮረንቲ ያለ ካፓሲተር፣ በቀጥታ በመዳብ ይሻገራል። ክፍሉ ውስጥ የሚደወለው በጠርዙ እንዳያመልጥ የቦርዱ ዙሪያም በግራውንድ ቪያዎች ይሰፋ።

ይህ አስተያየት ተቃዋሚ አለው፤ ተቃውሞውም ከንቱ አይደለም። ከሥሩ በመቶ የሚቆጠሩ እግሮች ያሉት፣ ሦስትና አራት ዓይነት ቮልቴጅ የሚፈልግ ቺፕ ኃይሉን በውጭ ሌየር ብቻ ማግኘት ይከብደዋል። እንዲህ ያለው ቺፕ ግን ባለ አራት ሌየር ላይ መቀመጡ ራሱ ስሕተት ነው፤ ቦታው ስድስት ወይም ስምንት ሌየር ላይ ነው፤ እዚያ ኃይልና ግራውንድ በ0.1 ሚሊ ሜትር ተጣምረው ለሲግናሉም ቀጭን ክፍተት ይተርፋል። ሁለት ሌየር ለመቆጠብ ሲባል ቦርዱ ሦስት ጊዜ ወደ መለኪያ ክፍል ተመላልሶ፣ በመጨረሻ በፌራይት ቀለበትና በብረት ክዳን ተሸፍኖ ሲያልፍ አይቻለሁ። የተቆጠበው ገንዘብ በየቦርዱ ላይ ለዘላለም ሲከፈል ይኖራል።

ቦርዱን በኢንተርኔት ለሩቅ አገር ፋብሪካ ለምታዝ አንባቢ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ከመሳልህ በፊት ለፋብሪካው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፦ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌየር መካከል ያለው ስንት ሚሊ ሜትር ነው? መልሱ ሲመጣ በማምረቻው ሥዕል ላይ አስፍረው።